ጎረቤቴ እበት ግድግዳዬ ስር ይከምራሉ፤ እኔ ግን ማመልከቻው ላይ መፈረም አቃተኝ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። 38 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ነው። ከከተማው ዳር ቤት ሠርቼ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከጎናችን ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት አሉ። አምስት የፈረንጅ ዲቃላ ላሞች አሏቸው፤ የሚኖሩት በወተቱ ነው። እበቱን የሚከምሩት እኛ ግድግዳ ስር ነው። ክረምት ሲሆን የከብቱ ሽንት ወደ መሠረታችን ይሰርጋል። ዝንቡ ልጆቼን ምግብ አላስበላ ብሏል። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ለቀበሌ ማመልከቻ ጽፋ ሁለት ጎረቤት አስፈርማለች። የቀረው የኔ ፊርማ ነው። ወረቀቱን ኪሴ ይዤ ሁለት ሳምንት ዞርኩ። መፈረም አቃተኝ። ሌሊት አንዷ ላም እምቧ ስትል እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ዳማ ትዝ ይለኛል፤ የአባቴ በሬ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት ሸጡት። ሻንጣና ብርድ ልብስ የተገዛልኝ፣ የመሳፈሪያና የኪስ ገንዘብ የተሰጠኝ በዚያ ብር ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ በሰው በሬ አረሱ። ይህን ለባለቤቴ ነግሬያት አላውቅም። ‹ሽታውን ወደድከው እንዴ?› ስትለኝ ዝም እላለሁ። ባለፈው ደግሞ የ8 ዓመት ልጄን በአጥሩ ቀዳዳ ከብቶቹን ሲያይ አገኘሁት። ጥቁሯ ላም ከብዳለች፤ እሷን ነው የሚያየው። ልፈርም ወይስ ልተው? ይኼ ናፍቆትስ ጤና ነው?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔም የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ፤ ከጣርማበር ማዶ ነው ያደግኩት። እምቧ ሲባል የሚነቃ ጆሮ አለኝ። «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» የሚሉት ነው የገጠመህ።

መጀመሪያ ለጥያቄህ ልመልስ። አሁን አትፈርም። ግን ወረቀቱን ኪስህ ውስጥም አታቆየው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ለባለቤትህ መልስላት። ስትመልስላት ደግሞ የዳማን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ንገራት።

ይህን ያስቀደምኩት ከእበቱ በላይ ያሳሰበኝ ዝምታህ ስለሆነ ነው። ሚስትህ ሁለት ሳምንት መልስ ጠብቃለች። ከልጆቿ ሳህን ላይ ዝንብ ታባርራለች። ብዙ ለፍታችሁ የሠራችሁት ቤት ግድግዳው ሲረጥብ ታያለች። ባሏ አፉን ይዟል። እኔ በሷ ቦታ ብሆን «ለኔም ለልጆቹም ግድ የለውም» ብዬ ነበር የማስበው። ስለ ዝንቡ እሷ ልክ ናት። ስለ ግድግዳውም ልክ ናት። ስለዚህ ወሬህን ስትጀምር በመጀመሪያ «ልክ ነሽ» በላት።

ከዚያ ንገራት። ግን «አባቴ በሬ ሸጡልኝ» ብለህ አትለፈው። ለአዲስ አበባ ልጅ በሬ ማለት የበዓል ቅርጫ ነው። በሬ ጥንድ ሆኖ እንደሚያርስ አስረዳት። ቀንበር ለአንድ አንገት አይሆንም። ከጥንዱ አንዱ ሲሸጥ የቀረው በሬ ሥራ ፈታ ማለት ነው። አባትህ በማግስቱ መቀናጆ ፍለጋ መውጣት ነበረባቸው። እንደሳቸው አንድ በሬ ያለው ሰው ፈልገው፣ ሁለቱን በሬ አጣምደው፣ ቀን እየተካፈሉ ማረስ። ዝናብ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። የበልጉ እርጥበት ለገብስ ሲመች ቀኑ የጓደኛቸው ከሆነ፣ አባትህ ሞፈራቸውን ደጃፍ ላይ አቁመው የሰው ማሳ ሲታረስ ማየት ነው ዕጣቸው። ጥማድ የተዋሱ እንደሆነም በጉልበታቸው ከፍለዋል፤ የሰው አጨዳ አጭደው፣ የሰው ክምር ከምረው። ይህን ሁሉ አንተ «በሰው በሬ አረሱ» ብለህ በአንድ መስመር ጽፈኸዋል። እኔ መስመሩን ሳነብ ገባኝ። ሚስትህ ግን ካልነገርካት ከየት ታውቀዋለች?

በኛ አገር በሬ ለምን ስም እንደሚወጣለትም ንገራት። ዳማ፣ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ቡሬ፤ መልኩን አይተን ነው የምንጠራው። አያቴ ስለ ክፉ ቀን ስታወራ ድምፅዋ ይቀንስ ነበር። እሷ አላየችውም፤ ከናቷ የሰማችው ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የደስታ በሽታ የሚሉት መጥቶ የአገሩ ከብት በሙሉ ማለት ይቻላል አለቀ። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ረሃቡ ከዚያ መጣ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ ይባላል። ያ በሽታ ከዓለም ላይ ጠፋ ተብሎ የታወጀው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌዎቻችን ማታ ከብቱ በረት መግባቱን ሳያዩ ራት የማይቀርቡት ያ ፍርሃት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለሆነ ይመስለኛል። እንዲህ ካለ ቤት ነው ዳማ ለአንተ ሻንጣ የወጣው።

ናፍቆቱ ጤና ነው ወይ ላልከኝ፣ የራሴን ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ከገጠር አምጥቼ አዲስ አበባ እኔ ጋ አኖርኳት። ላሟን የሸጥነው እኔና ወንድሜ ነን። አልጠየቅናትም። «ማን ያልባታል?» ተባብለን ሸጥናት። እናቴ ምንም አላለችም። የሞቀ አልጋ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ቲቪ፤ ምንም የጎደለባት አልመሰለኝም። ሌሊት 11 ሰዓት ሲሆን ግን ትነሳ ነበር። መብራት አታበራም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቆያለች። አንድ ሌሊት «ምን ሆነሽ ነው እማዬ?» አልኳት። «ምንም አልሆንኩም። የማለቢያ ሰዓት ነው» አለችኝ። እስክታርፍ ድረስ በዚያ ሰዓት ትነሳ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ናፍቆትህን በሽታ አልለውም። እናቴ ስልሳ ዓመት ሙሉ የተነሳችበትን ሰዓት እጆቿ ያውቁት ነበር። ያንተም ጆሮ ልጅነትህን ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሃለሁ፤ ለልጆችህ ስትነግራቸው አታሳምረው። መንዝ ላይ የኅዳር ውርጭ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። እኛ በባዶ እግራችን ነበር ከብት የምናሰማራው። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ይሆናል። ላሟ ስትሸና እየተሯሯጥን እግራችንን ስሯ እናደርግ ነበር፤ ሙቀቱን ፍለጋ። ከብቱ የሰው ገብስ ገብቶ የተገረፍንበት፣ ትምህርት የቀረንበት ቀንም ብዙ ነው። የቡሄ ጅራፍና ሙልሙል፣ የገና ጨዋታ፣ አዲስ የወለደች ላም እንገር፤ እነዚያም ነበሩ። ሁለቱንም ንገራቸው። ልጆች እውነቱን ሲሰሙ ነው ጆሮ የሚሰጡት።

አሁን ወደ ጎረቤትህ ልምጣ። እዚህ ላይ አንተ ትልቅ ጉልበት አለህ። በዚያ ሰፈር የሳቸውንም የባለቤትህንም ቋንቋ የምትሰማ ሰው አንተ ነህ። ቀበሌው ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል እንጂ በረት አይጠርግላቸውም። አንተ በረት ጠርገህ ነው ያደግከው።

ሂድና አነጋግራቸው። ብቻህን አትሂድ፤ ባለቤትህን ይዘህ ሂድ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሻላል። ባዶ እጅህን አትግባ፤ አንድ ሸክም ድርቆሽ ወይም አንድ ጆንያ ፉርሽካ ይዘህ ግባ። የመኖ ዋጋ ምን እንደደረሰ ስለምታውቅ ሌላ ስጦታ አያስፈልግም። እንደ አገራችን ሰላምታ ከብቱንም ጠይቅ። «እንዴት ሰነበቱ እማማ? ከብቶቹስ ደህና ናቸው?» በላቸው። ሦስት ዓመት አጥር ተጋርታችሁ ይህን ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

ሰዓቱንም አስብበት። ዐቢይ ጾም ላይ ከሆነ ይህን ወሬ ለማንሳት አትቸኩል። 55 ቀን ሙሉ የወተት ገዢ ይሳሳል። ላም ደግሞ ጾም አይገባትም፤ እንደወትሮው ትበላለች፣ እንደወትሮው ትታለባለች። ወተቱን ንጠው ቅቤ ያወጣሉ፤ የእለት ገንዘቡ ግን ይቀንሳል። በዚያ ሰሞን «ይህን ያንሱ፣ ይህን ይሥሩ» ቢባሉ ልባቸው ይሰበራል።

ቃልም አለ። «ቆሻሻ» የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ባለቤትህንም ቀድመህ አስጠንቅቃት። እበት ለሳቸው ማገዶ ነው። እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት ደጋ ኩበት ምን ማለት እንደሆነ አይነገርህም። ከተረፈም ይሸጣል። ምናልባት ግድግዳህ ስር የሚከምሩት ፀሐይ የሚውለው እዚያ ስለሆነ ነው። እስኪ ሂድና እየው። እንደዚያ ከሆነ ከሳቸው ጋር ሌላ ፀሐያማ ቦታ መፈለግ ነው።

ከዚያ ሥራው ይከተላል። እኔ በማውቀው ልንገርህ።

ዝንብ የሚፈለፈለው እርጥብ እበት ውስጥ ነው። በሙቀት ጊዜ እንቁላሉ በ10 ቀን ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ በራሪ ዝንብ ይሆናል። ስለዚህ እበቱ ቢያንስ በየአራት ቀኑ ከተነሳ ወይም ስስ ሆኖ ተጠፍጥፎ ከደረቀ፣ ትሉ ክንፍ ሳያወጣ ይቀራል። የደረቀ ኩበት ዝንብ አያፈራም። በጋውን በዚህ ትወጡታላችሁ። የሚያስቸግረው ክረምቱ ነው፤ ኩበት አይደርቅም። ለዚያ ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሩ። ከግድግዳህም ከሳቸው ቤትም የራቀ፣ የጎርፍ ውሃ የማይገባበት ይሁን። እበቱን፣ የተረፈ ገለባውን፣ አመዱን እያነባበራችሁ ከላይ በአፈር ወይም በጭድ አልብሱት። ለመስከረም የበሰለ ፍግ ይሆናል። ለጎመንና ለድንች ከሱ የሚሻል የለም፤ ሚስትህ ጓሮ ካላት ከዚያው ትጠቀማለች። በግቢያችሁ የጉድጓድ ውሃ ካለ ግን ይህን ሁሉ ከሱ በጣም አርቁ።

ሽታው በአብዛኛው የሚመጣው ሽንትና እበት ተቀላቅሎ ሲተኛ ነው። የበረቱን ወለል እይ። ጠፍጣፋ ከሆነ ሽንቱ እዚያው ያድራል። በድንጋይና በትንሽ ሲሚንቶ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ አንድ ቦይ ማውጣት የሁለት ቀን ሥራ ነው። ቦዩ ከመሠረትህ ርቆ ወደ ማጠራቀሚያ ይግባ። ከብቶቹ የሚተኙበት ላይ ደረቅ ጭድ ይነጠፍ። የቢራ ብቅል የሚመግቡ ከሆነም በክዳን ይያዝ፤ ሲኮመጥጥ ዝንብ ይጠራል።

ሦስት ቅዳሜ ቢወስድ ነው። በሦስቱም ቅዳሜ አንተ ራስህ አካፋ ይዘህ ግባ። ሠራተኛ መቅጠር ትችል ይሆናል፤ እኔ ግን አንተ ብትሠራው እወዳለሁ። ልጁንም ይዘኸው ግባ። በአጥር ቀዳዳ የሚያየውን በር ከፍተህ አሳየው። ከጥጃና ከእበት መልስ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

አምስት ላም ካላቸው ባዮጋዝም፣ ማለትም ከእበት የሚገኝ የማብሰያ ጋዝ፣ ይታሰባል። ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን ማብላያ (እበቱ ታፍኖ ጋዝ የሚያወጣበት ጉድጓድ) ለመመገብ አራት ያህል ከብት ይበቃል፤ የፈረንጅ ዲቃላ ደግሞ አንዷ ብቻ በቀን ከ20 ኪሎ በላይ እበት ትጥላለች። በአገራችን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከተጀመረ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ቤት ምጣዱን ባይሆን ወጡንና ቡናውን በዚህ ጋዝ ያፈላል። ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭም ሽታው የለዘበ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ጋዙን ያሳንሰዋል፤ ይህን ሳትደብቅ ንገራቸው። ወጪም አለው። መጀመሪያ ወደ ከተማው ግብርና ወይም ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠይቅላቸው፤ ሳታጣራ ቃል አትግባ።

ወተቱንም ከሳቸው ግዙ። በየቀኑ አንድ ሊትር። ገዢ ጎረቤት ሲናገር ይሰማል፤ ይህ የታወቀ ነው። ወተቱን ግን አፍልታችሁ ጠጡ። እኔና አንተ ከላሟ ጡት በቀጥታ አፋችን ውስጥ እየታለበልን ያደግን ነን፤ ሞቅ ያለው አረፋ ጣዕሙ አሁንም አይረሳኝም። ቢሆንም ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ላም የሚያስወርደውን በሽታ ወደ ሰው ያመጣል። ለልጆችህ ጥሬውን አታጠጣ። ከልጆችህ መካከል አስም ያለበት ካለ ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ ሐኪም ጠይቅ፣ እበቱም በዚያው ሳምንት ከግድግዳው ይነሳ።

እምቢ ካሉስ? አይሉም ብዬ አስባለሁ። ካሉም በሰፈሩ የተከበሩ ሁለት ሰዎች ይዘህ ተመለስ፤ የእድሩ ዳኛ ቢኖሩበት ጥሩ ነው። ያም ካልሆነ ማመልከቻው ይግባ። ያን ጊዜ ብትፈርም አያሳፍርህም፤ ፊት ለፊት ተነጋግረሃልና። ላሞቻቸው ይውጡ ብለህ ሳይሆን በረቱ ይስተካከል ብለህ ፈርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ስትገባ እንግዶችህ ምን ብለው መረቁህ? «እንቦሳ እሰሩ» ብለውህ ይሆናል። አዲስ ቤት ለገባ ሰው የምንለው ይህንኑ ነው፤ ደጃፍህ ላይ አዲስ የተወለደ ጥጃ ይታሰር ማለት ነው። አምስተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ለገባ ሰው እንኳ እንላለን። ለሚስትህ ይህን ንገራት። ከቃሉ ጀርባ ምን እንዳለ አስባው የማታውቅ ይሆናል።

የመንገዱን ሰላም ጠይቀህ፣ ደህና ሲሆን ደግሞ ቤተሰብህን ይዘህ መንዝ ውጣ። ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ፣ ገብስ አውድማ ሲገባ ይሁን። በመዘዞ፣ በሞላሌ አድርጋችሁ ስትሄዱ ጓሳ ላይ መኪናውን አቁም፤ ልጆቹ ጭላዳ ይዩ፣ ዕድል ካላቸው ቀይ ቀበሮ። አውድማው ላይ በሬ ሲያበራይ ባለቤትህ ቆማ ትየው። አባትህ በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ቁጭ በልና ዳማን በስሙ አንሳላቸው። ይህን ሁሉ ዓመት አንተ ስሙን እስክታነሳ እየጠበቁ ይሆናል። ካረፉም ለልጅህ የታሰረበትን ጋጥ አሳየው።

ጥቁሯ ላም ከብዳለች ብለሃል። መቼ እንደምትወልድ እማማን ጠይቃቸው፤ ቀኑን ያውቁታል። የወለደች ዕለት ልጅህን ይዘህ ግባና ከበሩ ላይ «እንቦሳ እሰሩ» በላቸው። እንገር ሳይልኩላችሁ አይቀሩም። እንገር ቶሎ ይረጋል፤ እሳቱ ለስለስ ይበል፣ ከሥሩ እንዳያር እያማሰላችሁ። ባለቤትህ አታውቀው ይሆናል፤ አንተ አሳያት።